ጋሼ ይቅደሙ

ግማሽ ቀን ሙሉ እየተራመደ ከአንድ ግቢ ሳይወጣ የዋለ ሰው ምን እንደሚሰማው ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ እንኳ «አለፍክ ወይስ ወደቅክ?» ብላ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ነገሩ የሆነው ጎፋ አካባቢ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማርኩበት የግል ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ነው። ባለቤቱ ሕንፃውን ሸጠና እኛን መምህራኑን ከነጠመኔያችን በተነን። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። በዚህ ዕድሜ ሌላው ሰው የልጁን ሠርግ ያስባል፤ እኔ ግን ልጄ ለሥራ ሐዋሳ ስትሄድ ጥላው የሄደችው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተጎልቼ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። የከበደኝ የጎረቤቱ ሳቅ ነበር። «ጋሽ ታደሰ ኮምፒውተር ጀመሩ አሉ» ይላሉ፣ ጫት ጀመሩ እንደሚባለው።

የባለቤቴ ወንድም ሰለሞን ፉሪ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ሥራ ፈትቼ ቤት መዋሌን ሲሰማ ለእህቱ «ጋሽ ታደሰ መጥቶ ይቀመጥልኝ። ሥራ የለበትም፣ ሠራተኞቹ ሰው እንዳለ እንዲያውቁ ብቻ ነው» ብሎ ላከብኝ። ሰው እንዳለ እንዲያውቁ! ማሳ መሀል ጨርቅ ለብሶ ወፍ የሚያስፈራራው እንጨትም ሥራው ይኸው ነው። ተናደድኩ፤ ግን እምቢ ለማለት የሚያስችል ነገር በእጄ አልነበረም። «መልሱን ሰኞ እሰጠዋለሁ» አልኳት። ሰኞን የመረጥኩት ዓርብ ዕለት ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ውስጥ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለፈተና ጠርቶኝ ስለነበር ነው። የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ። ዓርብ ከቀናኝ ሰለሞንን አመስግኜ እሸኘዋለሁ፤ ካልቀናኝ ሚስማርና ቆርቆሮ መሀል ተቀምጬ ሰው መምሰል ነው።

ወደ ዓርብ ከመሄዴ በፊት ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የደረሰብኝ ነገር አይገባችሁም። ድርጅቱ በአማርኛ ከተጻፉ ሰነዶች ውስጥ የተፈለገውን የሚያወጣ ሞተር፣ ማለትም የፍለጋ ፕሮግራም፣ ይሠራ ነበር። ባለሙያዎቹ ሬጌክስ የሚሉት አጻጻፍ አለ። በእሱ አንድን ቃል ብቻ ሳይሆን የቃልን መልክ ትፈልጋላችሁ፤ «በቁጥር የሚጀምር፣ ቀጥሎ ፊደል የሚደጋገምበት፣ በአራት ነጥብ የሚያልቅ ካለ አምጣልኝ» ማለት ትችላላችሁ። እኔን የማረከኝ ሞተሩ ይህን ትእዛዝ ተቀብሎ ሆዱ ውስጥ ምን አድርጎ እንደሚያስቀምጠው ነው። እንደተጻፈ አያስቀምጠውም። መጀመሪያ እንደ ዛፍ በቅርንጫፍ በቅርንጫፉ ይለያየዋል። ቀጥሎ ዛፉን የመንገድ ካርታ ያደርገዋል፤ ክቦችና ክብን ከክብ የሚያገናኙ ቀስቶች። አንዳንዱ ቀስት ላይ ፊደል አለ፤ ያን ፊደል ካልያዛችሁ አያሳልፋችሁም። አንዳንዱ ቀስት ባዶ ነው፤ ዝም ብላችሁ ታልፋላችሁ። የመጨረሻው ክብ ድርብ ነው። እዚያ የደረሰ «ተገኘ» ይባልለታል።

ፉሪ ውስጥ የሰው ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። «ከመስጊዱ አለፍ ብለህ አረንጓዴ በር እስክታይ ሂድ፣ ከዚያ ታጠፍ» ይባላል። መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ አንዱን ይሞክራል፤ ካልሆነ ወደ መንታው ተመልሶ ሌላውን ይይዛል። ብዙዎቹ ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው። አንድ መንገደኛ ይልካሉ፤ መንገደኛው በየመንታው ምልክት እየተወ ይሄዳል፤ መንገዱ ሲዘጋበት ወደ መጨረሻው ምልክት ይመለሳል። ካርታው በብልሃት ካልተሠራ ይህ መመላለስ ማለቂያ ያጣል። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር። በእግሬ የተማርኩት ግን ዓርብ ዕለት ነው።

ድርጅቱ የተከራየው ባለ ሰፊ ግቢ ቪላ ነው። በሩ ላይ ስደርስ ሦስት ወጣቶች ቆመው አገኘሁ፤ ተፈታኞቹ እኛ አራታችን መሆናችን ነው። ብሩክ የሚባለው ረዥምና ተጫዋች ነው፣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ናትናኤል ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ሃያት ሻርፕ የተከናነበች፣ ጀሞ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ ስታየኝ ቦርሳዬን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ዘበኛው ትንሿን በር ከፈተልንና ሦስቱም ባንድነት ገለል አሉ።

«ጋሼ ይቅደሙ» አለ ብሩክ።

ቀደምኩ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? መምህር መከበር ሱሱ ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች ታክሲ ውስጥ ተነስተው ሲያስቀምጡኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። እነዚህ ልጆች ተወዳዳሪዎቼ መሆናቸውን እንኳ ረሳሁ።

ፈታኛችን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሳምራዊት ነበረች። ሠላሳ የሞላት አትመስልም። በአንድ እጇ ላፕቶፕ፣ በሌላው የጠመኔ ፓኮ ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ስትናገር ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

«ወረቀት አልሰጣችሁም» አለች። «ወረቀት ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። ዛሬ ሞተሩን እናንተ ትሆናላችሁ።»

የአጥሩ ግንብ ላይ የሚፈለገውን መልክ ጻፈች። አጭር ነው። ሀ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ይደጋገማል፤ ያ ድግግሞሽ ራሱ እንደገና ይደጋገማል፤ መጨረሻ ላይ ለ ይመጣል። ከሥሩ ዛፉን ሣለች። ከዚያ ወደ ግቢው ወርዳ ሲሚንቶው ላይ ሦስት ክቦች አደረገች፤ መነሻ፣ መሀከለኛና ድርብ። ከመነሻው ወደ መሀከለኛው ሀ የተጻፈባት ቀስት ሄደች። ከመሀከለኛው ሦስት መንገድ ይወጣል። አንደኛዋ ቀስት ሌላ ሀ ይዛ እዚያው ክብ ላይ የምትመልስ ናት፤ እሷን በቆመው መኪና ዙሪያ አዞረቻት። ሁለተኛዋ ባዶ ቀስት ወደ መነሻው የምትመልስ ናት። ሦስተኛዋ ለ ይዛ ወደ ድርቡ ክብ የምትወስድ ናት። ያችን ባዶ ቀስት ደግሞ በበረንዳው ደረጃ ላይ ሽቅብ አውጥታ፣ በወዲያኛው ጫፍ ቁልቁል አውርዳ ወደ መነሻው አስገባቻት።

ደረጃውን አየሁ። ጉልበቴን አሰብኩ። ቦታ ጠቧት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

«ለሦስት ክብ ሦስት ሰው ይቆማል» አለች። «አንድ ሰው መንገደኛ ይሆናል። ማን ይጀምር?»

ብሩክ አላመነታም። «ጋሼ ይቅደሙ።»

«አዎ፣ ጋሼ ይቅደሙ» አለች ሃያትም። ናትናኤል በአገጩ ተስማማ።

«ይጀምር» ስትል ተራው ለሁላችንም የሚዳረስ መስሎኝ ነበር። እነሱም እንደዚያ የመሰላቸው ይመስለኛል፤ ቢያንስ ያን ደቂቃ። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። ገበታ ላይ ታላቅ ይቀድማል፣ በር ላይ ታላቅ ይቀድማል፣ በሩ የት እንደሚያስገባ የሚጠይቅ የለም። አመስግኜ ተቀበልኩ።

ሳምራዊት በእጄ አንድ የካርቶን ቁራጭ ሰጠችኝ። ተከታትለው የተጻፉ ሀዎች አሉበት፤ በዛ ቢሉ አሥር ናቸው። ከኋላቸው ያለችው ፊደል መ ናት።

እንዳየኋት ሳቅ አልኩ። «ይቺ እኮ ለ የላትም። አትገኝም፣ አለቀ።»

«ያ የእርስዎ ዓይን ነው ጋሼ» አለችኝ በዚያ ዝግተኛ ድምፅዋ። «ሞተር መጨረሻውን አያይም። የሚያየው አውራ ጣቱ ሥር ያለችውን ፊደል ነው። አለመኖሯን የሚያውቀው መንገዶቹን ሁሉ ሲጨርስ ነው። ይጨርሱልኝ።»

ታማኝነቴንና ትዕግሥቴን ልትለካ ነው አልኩና ጣቴን የመጀመሪያዋ ሀ ላይ አሳርፌ ተነሣሁ።

ብሩክ መነሻው ላይ፣ ናትናኤል ድርቡ ክብ ውስጥ ቆመዋል። ሃያት የቆመችው መሀከለኛው ክብ፣ ማለትም መንታው ላይ ነው። ዋናው ሥራም ያለው እሷ ጋ ነው። ስደርስ መጀመሪያ በመኪናው ዙሪያ ትልከኛለች፤ ያልሞከርኩትን መንገድ እንዳንረሳው ሳምራዊት ከሰጠቻት የጠርሙስ ቆርኪዎች አንዱን እግሯ ሥር ታስቀምጣለች፣ ጎኑ ላይ ጣቴ የት እንደነበረ በጠመኔ ትጽፋለች። መንገዱ ሲዘጋብኝ የመጨረሻውን ቆርኪ አንስታ ወደዚያ ትመልሰኛለች።

ሀዎቹን አንድ በአንድ እየበላሁ መኪናውን ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ ዞርኩ። መ ላይ ስደርስ ሃያት አንገቷን ነቀነቀች።

«አልሆነም ጋሼ፣ ይመለሱ።»

የመጨረሻውን ቆርኪ አነሣች። ጣቴን አንድ ሀ ወደ ኋላ መለስኩ። አሁን ባዶዋ ቀስት ናት፤ ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ በብሩክ በኩል ገባሁ፣ አንድ ሀ በላሁ፣ እንደገና መ።

«አልሆነም ጋሼ፣ ይመለሱ።»

ትንሽ ቆይቼ ነገሩ ገባኝ። አንድ ቆርኪ ሲነሣ ከእሱ በኋላ ያሉት መንገዶች ሁሉ እንደ አዲስ ይከፈታሉ። ያው ሀ በመኪናው በኩልም ይበላል፣ በደረጃው በኩልም ይበላል። አንዲት ሀ በተጨመረች ቁጥር መንገዱ በእጥፍ ይሄዳል። እጥፍን ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ! ልጆቹ ሲያዛጉ «እጥፍ አይቸኩልም፣ ግን አይቀርም» እላቸው ነበር። አሁን እጥፍ በጉልበቴ መጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል አባቶች፤ ለ በሌለችበት ለን ፍለጋ ግቢውን እዞራለሁ።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሳምራዊት በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥታ ማኪያቶ ይዛ ላፕቶፑ ላይ ትሠራለች። በአጠገቧ ሽቅብ ስወጣ እግሬን ለማሳለፍ ወንበሯን እንኳ ፈቀቅ አላደረገችም። አንዴ ደረጃው ጫፍ ላይ ትንፋሼን ልሰበስብ ቆምኩ።

«ሞተር አያርፍም ጋሼ» አለች ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሣ።

ብሩክ ከክቡ ውስጥ ሆኖ «ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለ። ለማምጣት ግን ከክቡ መውጣት አለበት። አልወጣም። ናትናኤል ድርቡ ክብ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ስልኩን ይነካካል። እሱ ጋ እንደማልደርስ ያውቃል። እንግዳ እንደማይመጣ እያወቁ ቤት ጠባቂ መሆን ምን ያህል እንደሚያሰለች ፊቱ ላይ አነበብኩ፤ እሱም ሰልችቶት እኔን አየኝ፣ መልሶ ስልኩን አየ።

ሃያት ብቻ ሥራዋን በደንብ ይዛለች። ቆርኪ ታስቀምጣለች፣ ታነሣለች፣ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። «አልሆነም ጋሼ፣ ይመለሱ።» መጀመሪያ በፈገግታ ነበር የምትለው። በኋላ ፈገግታው ቀረ። እየቆየ ድምፅዋም ቀጠነ። «ጋሼ» ማለቷን ግን አንድም ጊዜ አልተወችም። ያን ቀን ካቆሰለኝ ሁሉ ይኼ ይብሳል። አክብራ ትመልሰኛለች፣ አክብራ ደረጃ ታስወጣኛለች።

ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ሲወጥረው ሃያት ፊት ቆምኩና ባዶዋን ቀስት በጫማዬ ጫፍ ነካኋት።

«ሥራ አስኪያጅ» አልኩ። እርስዎ ነው የምላት፣ በዕድሜ ልጄ ብትሆንም። «ይቺ ቀስት ትርፍ ናት። ድግግሞሽን መድገም ያው ድግግሞሽ ነው። ብትጠፋ የሚገኘው አይቀንስም፣ የማይገኘው አይጨምርም። መንገዱ ግን ወዲያው ያልቃል። ላጥፋት?»

«መልኩን የጻፈው ደንበኛ ነው» አለች። «ይኼ ሞተር የተሰጠውን ይራመዳል እንጂ ደንበኛ አያርምም።»

«እሺ ቀስቷ ትቆይ። አረማመዱን እንለውጥ። መንታው ላይ አንዱን መርጠን ሌላውን ለኋላ ከምናስቀምጥ በሁለቱም በኩል ሰው ይላክ። ሁላችንም አብረን፣ በአንድ ፊደል አንድ እርምጃ እንሂድ። አንድ ክብ ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ይበቃል፣ ሌላው ይቀመጥ። ፊደሎቹ ሲያልቁ ሥራችን ያልቃል። ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው አይኖርም።»

ላፕቶፑን ዘጋች። ከጠዋት ጀምሮ መጀመሪያ በደንብ ያየችኝ ያኔ ነው።

«ትክክል ነው» አለች። «እንደዚያም ይሠራል፤ እንዲያውም የተሻለ ነው። ግን እነሱ ከክባቸው መውጣት አለባቸው። ይጠይቋቸው።»

ዞርኩ። «ልጆች፣ አብራችሁኝ ተራመዱ» አልኳቸው። ክፍል ውስጥ እንደማዝዝ ነው ያልኩት። ከዚያ ራሴን ሰማሁትና «እባካችሁ» ጨመርኩበት።

«የፈለገ ይውጣ፣ አልከለክልም» አለች ሳምራዊት ከኋላዬ። «ያለው የሥራ ቦታ አንድ መሆኑን ግን አትርሱ።»

ብሩክ የጫማውን ማሰሪያ አየ። ናትናኤል ስልኩን ኪሱ ከተተና እጁንም አብሮ ከተተው። የሃያት ቀኝ እግር ከመሬት ተነሣ። አየሁት፤ ጫማዋ ከጠመኔው መስመር ትንሽ ከፍ አለ፣ ክቡ ጠርዝ ላይ ቆየ፣ መልሶ የነበረበት ቦታ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብላ የሚቀጥለውን ቆርኪ አነሣች።

«ጋሼ» አለች፣ «አራተኛዋ ሀ ላይ ነው። ይመለሱ።»

ለምን ጥዬ አልወጣሁም? ይህን ጥያቄ ባለቤቴም፣ ልጄም፣ በኋላ ጉልበቴን ያየው ሐኪምም ጠይቀውኛል። ሰኞ ነበር ያሰብኩት። የሰለሞን ሱቅ፣ ያ የፕላስቲክ ወንበር፣ «ሰው እንዳለ እንዲያውቁ» የሚለው። ይህን ያህል ከተራመድኩ ወዲያ ብተወው የተራመድኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል አልኩ። ያሳበደኝ ይኼ ነው፤ የተራመድኩት መጀመሪያውኑ ከንቱ እንደነበር በሒሳብ አውቀዋለሁ፣ ግን እግሬ ሒሳብ አልተማረም።

ጣቴን አራተኛዋ ሀ ላይ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ። ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። ወድቄ አልተንከባለልኩም፤ ዝም ብሎ እንደ አሮጌ ጆንያ ቁጭ አደረገኝ። ካርቶኑ ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ ብሩክ እግር ሥር ቆመ። ብሩክ አላነሣውም። ከክቡ ውጭ ነበር የወደቀው።

ሳምራዊት ወርዳ አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እንደ ልጅ አባቷ አጠገብ።

«ጋሼ፣ ለ እንደማትገኝ መቼ አወቁ?»

«ገና ስጀምር።»

«ታዲያ ለምን ተራመዱ?»

«አንቺ ስላልሽኝ ነዋ!» እርስዎ ማለቱ ያኔ አበቃ።

«አዩ» አለች፣ ድምፅዋ አሁንም ዝግ እንዳለ ነው። «እያወቀ የሚራመድ ሰው ለኔ አይሆነኝም። እሱን ኮምፒውተር በነፃ ይሠራልኛል።» ወደ ሦስቱ ዞረች። «እናንተስ አውቃችሁ ነበር?»

ሦስቱም አውቀው ነበር። ብሩክ ሲናገር ድምፁ ተሰበረበት። ናትናኤል «ግልጽ ነው» አለ። ሃያት አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

«እናንተም ዝም ብላችሁ ቆማችኋል» አለች። «መቆሙ ግን ሥራችሁ ነበር። ሃያት፣ ሰኞ ትጀምሪያለሽ። ከጠዋት ጀምሮ ስከታተልሽ ነበር፤ እሳቸውን ስትመልሺ አንድም ቦታ አልተሳሳትሽም።»

ሃያት «አመሰግናለሁ» አለች። ያለችው ለቆርኪዎቹ ይመስላል፤ ወደነሱ ነበር የምታየው።

እንግዲህ ይኼን ያህል ከሆነ ወዲያ ሰው ቤቱ ይገባል፣ ይረሳል ትሉ ይሆናል። በሩን ግን ማለፍ ነበረብኝ። እያነከስኩ ግቢውን አቋርጬ፣ ቆርኪውንም ጠመኔውንም እየረገጥኩ፣ ትንሿ በር ጋ ስደርስ ሦስቱ ቀድመውኝ ቆመዋል። ገለል አሉ። ብሩክ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

«ጋሼ ይቅደሙ» አለ።

አየሁት። ቀልድ የለበትም፣ ክፋትም የለበትም። ልጁ በደንብ ያደገ ልጅ ነው። እናቱ ታላቅ ይቅደም ብላ አሳድጋዋለች።

«እናንተ ሂዱ» አልኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ እንዴት ተደርጎ» አለች ሃያት።

«ሂዱ ብያለሁ።»

አልሄዱም። እኔም አልሄድኩም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አራታችን ቆመን ተፋጠጥን። ዘበኛው ከጥበቃ ቤቱ ብቅ ብሎ «ምን ሆናችሁ? በሩ ተበላሸ?» አለን። በመጨረሻ የእሱ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጬ ፊቴን ወደ ግንቡ አዞርኩ። ከጀርባዬ ኮቴያቸው አንድ በአንድ ሲወጣ ሰማሁ። የሃያት መጨረሻ ነው የወጣው፤ በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር።

ሰኞ ዕለት ለሰለሞን መልሱን በእግሬ ወሰድኩለት። ይህን የምጽፈውም ከሱቁ ነው። የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ፣ ሠራተኞቹ ሰው እንዳለ እንዲያውቁ። ከዘራ ይዣለሁ፤ ሐኪሙ ጉልበትህ ድሮም ደካማ ነበር፣ ያን ቀን ግን ጨረስከው ብሎኛል።

ምን ተለወጠብህ ካላችሁኝ ብዙ አይደለም። ፉሪ ውስጥ ቤት የሚፈልግ መንገደኛ በቀን በቀን ሱቁ በር ላይ ይቆማል። እኛ አካባቢ አላውቅም ማለት ነውር ነው፤ የማያውቀውም «ወደዚያ ይመስለኛል» ብሎ በእጁ ያመለክታል። እኔ ግን የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ቅር የሚላቸው አሉ። ቅር ይበላቸው፤ የሰው እግር ነው። ድግስ ላይም፣ ታክሲ በር ላይም ይቅደሙ ሲሉኝ አልቀድምም፤ ግትር ሽማግሌ ብለው ስም አውጥተውልኛል። ሰው ስታከብሩ መልካም ነው፣ አክብሩ። ግን የምታስቀድሙት ወዴት እንደሆነ አንዴ በትከሻው ላይ አሻግራችሁ እዩለት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እውነት ነው፣ የእነዚያ ልጆች ዝምታ አልነቀዘም። እኔ ጉልበት ውስጥ እስከ ዛሬ ደህና ተቀምጧል።

አልጠላኋቸውም ብል ውሸት ይሆናል። ሳምራዊትን ጠልቻታለሁ፣ ግን እሷን መጥላት ቀላል ነው። የማይለቀኝ ያ የሃያት እግር ነው። ተነስቶ ነበር እኮ። ባይነሣ ኖሮ እረሳው ነበር።

ከወራት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሃያት ናት። ቁጥሬን ከማመልከቻዬ ላይ ወስዳ ነው። ሰላምታው ረዘመ፤ ጤናዬን፣ ቤተሰቡን፣ ሁሉን ጠየቀች። ከዚያ እንደ ተማሪ ውጤቷን ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ለወጥነው። አሁን አንድ መንገደኛ አይደለም የሚልከው። በመንታው ሁሉ ይልካል፣ ሁሉም አብረው ነው የሚራመዱት። ወደ ኋላ የሚመለስ የለም። እርስዎ ያሉት ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ሞተሩ ውስጥ» አልኩ።

«አዎ ጋሼ።»

«ግቢው ውስጥስ?»

የምትተነፍሰው ይሰማኛል። ሱቁ በር ላይ አንድ መንገደኛ ቆሞ የሆነ ቤት ሊጠይቀኝ ይጠብቃል።

«ተፈታኝ ሲመጣ አሁን ክቦቹን የምሥለው እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እንደዚያን ቀኑ ቀጥኖ። «ቀስቷን ግን በደረጃው ላይ አላሳልፋትም ጋሼ።»